‹ዌር› የአክብሮት ቃል መስሎኝ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎች መድኃኒት ቤቴ ገቡ። አንደኛዋ የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ልትወስድ ነበር የመጣችው። እኔ መደርደሪያው ላይ ስፈልግ እነሱ ባንኮኒው ላይ ደብተር ዘርግተው ይከራከራሉ። በማግስቱ የእንግሊዝኛ ፈተና አለባቸው። አንደኛዋ አንድ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበችና «ተሳስተሽ ነው የገለበጥሽው፤ ‹ሺ ዎዝ› እንጂ ‹ሺ ዌር› የሚባል ነገር የለም» አለች።

«መምህሩ ነው እንደዚህ የጻፈው።»

«እንግዲያው መምህሩ ተሳስቷላ።»

የያዝኩትን ካርቶን ቁጭ አድርጌ «አልተሳሳተም» አልኳቸው። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ማስረዳት ነበረብኝ፤ አላስረዳሁም። መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ ጠዋት አንድ ፍሬ ብቻ እንደሚወሰድ ሁለት ጊዜ ነግሬ ሸኘኋቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ በሩን እያየሁ ቆየሁ።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ በእንግሊዝኛ የሚደርስብኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ያኔ ከተማችን መካነ ሰላም እንደዛሬው አልሰፋችም። በሰፈራችን የፀረ አረም ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ይሁን ከውጭ የመጣ ወረቀት፣ እንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። «ሉባባ ታንብበው» ይባላል። እኔም አነባለሁ። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ ከፊትና ከኋላው ገምቼ እሞላዋለሁ። ግምቴ ብዙ ጊዜ ይሠምር ስለነበር፣ እየገመትኩ መሆኔን ራሴም እየረሳሁት ሄድኩ።

ከእኛ አጥር ቀጥሎ ሼህ እንድሪስ ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሕፃናትን ቁርአን ያስቀራሉ፤ ከሰዓት ደግሞ ከሩቅ አገር የመጡ ደረሶች የዐረብኛ ሰዋስው ይማሩባቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ይባላሉ። ልጃቸው ጦይባ በዕድሜ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት ስገባ እጄን ይዛ የወሰደችኝ እሷ ናት። የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ አልመጣ ሲል ዐረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች። በየወሩ መጀመሪያ ዓርብ ትደውል ነበር። ድምጿ የሚሰማው ለትንሽ ደቂቃ ቢሆንም እትዬ ዘይነባ ያንኑ እየደጋገሙ ለሳምንት ያወሩታል።

ነሐሴ ላይ አልደወለችም። መስከረምም አልደወለችም። ጥቅምት ሲገባ ሼህ እንድሪስ በአሠሪዎቿ ቁጥር ደወሉ። አንድ ወንድ አንሥቶ በአገሩ ዐረብኛ የሆነ ነገር ተናግሮ ዘጋባቸው። ሼሁ የሚያውቁት የኪታብ ዐረብኛ ነው። «የመጽሐፍ ቋንቋ ገበያ ውስጥ ግራ ይጋባል» አሉ፣ እየሳቁ ለማለት ቢሞክሩም ሳቁ አልመጣላቸውም። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም። መልእክት ለመጻፍ ደግሞ ትንሿ ሞባይላቸው የዐረብኛ ፊደል የላትም። በእንግሊዝኛ እንዲጻፍ የተወሰነውና እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። ቤተሰቦቿ ነን፣ ተጨንቀናል፣ እባካችሁ አገናኙን ብዬ፣ መጀመሪያ ደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ከጻፍኩት በኋላ ላክሁት።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። የገብስ ቆሎ ከኪሴ እየዘገንኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ ጠበቁኝ። ሞባይሏን በሻሽ ጠቅልለው እንደ እንቁላል ይዘዋታል። ቤት ገብተን ሼሁ ፊት ተቀመጥኩና ከፈትኩት። የጻፈችው የአሠሪዎቿ ልጅ ነበረች፤ ማንነቷን ካስቀደመች በኋላ እንዲህ ይላል። «ኢፍ ሺ ዌር ሂር፣ አይ ዉድ ሌት ሃር ቶክ ቱ ዩ። ሶሪ።»

እንዴት እንዳነበብኩት ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ‹ዉድ› ማለት ‹ዊል› ሲለሰልስ ነው ብዬ ተምሬአለሁ፤ ስለዚህ አገናኛችኋለሁ ማለቷ ነው። ‹ኢፍ›ን ‹ስትመጣ› አደረግኩት። የተቸገርኩት ‹ዌር› ላይ ነው። ለአንዲት ሴት ‹ዎዝ› ነው የሚባለው፤ ‹ዌር› ለብዙ ሰዎች ነው። ሼሁ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሡም። እዚያ መሀል አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እኛስ ሼሁን አንድ ሆነው ሳለ እንደ ብዙ ሰው «መጡ፣ ገቡ፣ አንቱ» እንል የለም? እነሱም ለሚያከብሩት ሰው እንዲህ ቢሉ ምን ይገርማል?

«ስትመጣ አገናኛችኋለሁ ነው የምትለው» አልኩ። «አሁን ወጣ ብላ ይሆናል። እስከ ዛሬ ስላላገናኘቻችሁ ይቅርታም ጠይቃለች። ደግሞ ጦይባን አንቱ ነው የምትላት።»

«አንቱ?» አሉ ሼሁ።

«አዎ አባባ። ለአንድ ሰው የማይባል ቃል ነው። ለክብር ነው።»

ሼህ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እትዬ ዘይነባ ደፉ ላይ ተቀምጠው በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው አለቀሱ። በዚያው ዕለት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። «ልጄን በሰው አገር አንቱ አሏት» ይላሉ፣ ውኃ ወርደው፣ ወፍጮ ቤት ሄደው፣ ላገኙት ሁሉ። ለመልእክቱ እኔ መልስ ጻፍኩለት። በጣም እናመሰግናለን የሚል።

ያን ዓመት ዐረፋ ኅዳር መጨረሻ ላይ ዋለ። ለወራት እህል አልዋጥ ብሏቸው የነበሩት እትዬ ዘይነባ ያን ቀን በሉ፤ ለእኔም በእጃቸው አጎረሱኝ። በዓሉን ለመጠየቅ ከመጡት ዘመዶች መካከል ሐዋ የምትባል የወግዲ ልጅ ነበረች። ጦይባ ባለችበት ከተማ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ለዐረፋ ፈቃድ አግኝታ መምጣቷ ነበር። ነገሩን ስትሰማ «የቤቱን አድራሻና ፎቶዋን ስጡኝ፤ እንደተመለስኩ ሄጄ በዓይኔ ልያት» አለች።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ» አሉ ሼሁ። «ደህና መሆኗን ሰምተናል። አንቺም የሰው ቤት ሠራተኛ ነሽ፤ በእኛ ጉዳይ አትንገላቺ።»

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። «ያነበብሽው አንቺ ነሽ አይደል? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳት።

ከዚያ የመጠበቅ ቀናት መጡ። ስልኩ አይጮህም። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ «ሥራ በዝቶባት ነው» አሉ፤ ቀጥሎ «መልእክቷን እስኪ ድገሚልኝ» ማለት ጀመሩ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ያንኑ እደግምላቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ይሁን አራት ጊዜ ደገምኩላቸው። በደገምኩ ቁጥር ትርጉሙ ይበልጥ እውነት እየመሰለኝ ይሄድ ነበር።

ታኅሣሥ ገባ። ጠዋት ሜዳው ላይ አመዳይ ይጋገራል፤ ክፍላችን መስኮቱ የተሰበረ ስለነበር እጃችንን ብብታችን ሥር ወትፈን ነው የምንማረው። አንድ ረቡዕ እንግሊዝኛ የሚያስተምረን መምህር ደሳለኝ ጠመኔውን አንሥቶ ሰሌዳው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈ። ‹ኢፍ› ነበረበት፣ ‹ሺ ዌር› ነበረበት፣ ‹ዉድ›ም ነበረበት። ደስ አለኝ። የማውቀውን ነገር ከሁሉ ቀድሜ ልናገር እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ‹ዌር› ያለው ለአክብሮት ነው አይደል?»

መምህር ደሳለኝ ፈገግ አለ። «እንግሊዝኛ አንቱ አያውቅም፣ ሉባባ። ንጉሡም ለማኙም አንድ ናቸው።» ክፍሉ ሳቀ። እሱ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ነበርና ጥያቄዬን አልተወውም። «ይሄ ‹ዌር› የብዙ ሰው አይደለም። ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርገን ስንናገር የሚገባ ነው። ከ‹ዉድ› ጋር ሆኖ የእኛን ‹ኖሮ› ይመስላል። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ‹ወንድሜ እዚህ ቢኖር ኖሮ አገናኛችሁ ነበር› ብላችሁ፣ ወንድሜ እዚህ አለ ወይስ የለም?»

«የለም» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

እኔ አላልኩም። መልእክቱን በልቤ ደገምኩት፤ አሁን በአማርኛ ራሱን ችሎ መጣ። እዚህ ብትኖር ኖሮ አገናኛችሁ ነበር። የለችም። ለአራት ወር ድምጿ የጠፋው ልጅ እዚያ ቤት የለችም፤ የቤቱ ልጅ ይህን ነግራን፣ ሶሪ ብላን፣ እኛ ደግሞ በጣም እናመሰግናለን ብለን መልሰናል።

ደወሉ ሲደወል ደብተሬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። በሼሁ በር ሳልፍ እትዬ ዘይነባ ስንዴ እያበጠሩ ነበር። «ሉባባዬ፣ ምነው ፊትሽ?» አሉኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» ብለው ከመሶባቸው ትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ዳቦውን ይዤ ቤት ገባሁና ሳልበላው አስቀመጥኩት።

ያን ከሰዓት ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ለእነሱ ማዘኔ አንድ ነገር ነው፤ ግን እሱ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። ‹ሉባባ ታንብበው› የሚለው ስሜ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈርቻለሁ። ሰው ሁሉ የተደሰተበት ነገር የእኔ ግምት ብቻ እንደነበር ማን ይናገራል? ነገ እነግራለሁ እያልኩ ሳስብ እናቴ ከገበያ ገብታ ዕቃ እያወረደች እንደዋዛ «ያቺ የወግዲዋ ሐዋ ነገ ልትነሣ ነው አሉ» አለች።

አሁንም አልተነሣሁም። ነጋ።

ሐሙስ ጠዋት ሼሁ ግቢ ስገባ ሕፃናቱ የሚቀሩበትን ጣውላ፣ ሉሓቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀራሉ። ሼሁ አዩኝና ጠሩኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ‹ዌር› አክብሮት እንዳልሆነ፣ መምህሩ ያለውን፣ ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ መናገር መሆኑን። ለማስረዳት ምሳሌ ስፈልግ ሼህ እንድሪስ እጃቸውን አነሡ።

«ገባኝ» አሉ። «በዐረብኛ ‹ኢን› አለ፣ ‹ለው› አለ። ‹ኢን› ሊሆን ለሚችል ነው። ‹ለው› ላልሆነ ነው።» ቀና ብለው አዩኝ። «የጻፈችው ‹ለው›ን ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እንግዲያው የለችም።»

ሕፃናቱ መቅራታቸውን ትተው አንድ በአንድ ወደ እኛ ዞሩ። ሼሁ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐዋ ዛሬ እንደምትነሣ ስነግራቸው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። «ለዘይነባ አሁን አንነግራትም። ስንመለስ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ግን ከኔ ጋር ትሄጃለሽ፤ መልእክቱን ያነበብሽው አንቺ ነሽ፣ የምታርሚውም አንቺ ነሽ።» ፎቶዋንና አድራሻው የተጻፈበትን ወረቀት ከኪታብ መሀል አውጥተው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ሐዋ ዘንድ ለመደወል ብንሞክርም የወግዲ መስመር ያን ጠዋት አልሠራም።

ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሼሁን ጋቢና አስገቧቸው፤ እኔ ከአንዲት ነፍሰ ጡር ጋር አጠገባቸው ተጣበቅኩ። መንገዱ ያኔ ድንጋይ ብቻ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ቆርቆሮው እርስ በርሱ እየተፋጨ ይጮኻል፤ አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ይገባል። በሁለቱም በኩል ሰው ጤፍ ያጭዳል፣ ይከምራል፤ የሚያውቁን ገበሬዎች ማጭዳቸውን ከፍ እያደረጉ ሰላምታ ይሰጡናል። ሼሁ ለሁሉም በእጃቸው ይመልሳሉ፤ ከንፈራቸው ግን ዱዓውን አላቋረጠም። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲፈታና ሲያስር ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ትናንት ይህን ሰዓት ክፍል ውስጥ እንደነበርኩ ቆጠርኩ። አንድ ቀን ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

ወግዲ ስንደርስ ሐዋ ቤቷ አልነበረችም። «መናኸሪያ ሸኝተናት መምጣታችን ነው» አለች እናቷ። ሼሁ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ወረቀቱንና ፎቶውን ሰጡኝ። «ሩጪ» አሉኝ።

ሮጥኩ። የደሴው መኪና ሞተሩ ተነሥቶ፣ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ዕቃ ያስር ነበር። ሐዋ መስኮት ዳር ተቀምጣለች። መስታወቱን መታሁት። ከፈተችው።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት። ትንፋሼ አልበቃ አለኝ። «እዚያ ቤት የለችም ነው ያለችው። የለችም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ሐዋ ፎቶውንና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። አየችው። «ያን ቀንም ልቤ አልተቀበለውም ነበር» አለች። «አንቺ እርግጠኛ ነኝ ስትዪ ተውኩት።» ወረቀቱን አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። «ከቤቱ እጀምራለሁ። እዚያ ከሌለች የአገራችን ሴቶች የሚጠለሉበትን፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም አያለሁ። ለሼሁ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።» መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ስንመለስ ሼሁ ከአንድ ሱቅ ዳቦ ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ። «እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ፣ ወደ መንገዱ እያዩ። «ሰዋስው የማስተምር ሰው ነኝ። ደረሳ አንድ ቃል ቢያነብልኝ ከየት አመጣኸው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፈውም። አንቺን ግን አልጠየቅኩሽም። አንቱ አሏት ስትዪኝ ደስ አለኝና አልጠየቅኩም።»

እትዬ ዘይነባ ሲነገራቸው አልጮኹም። ለሦስት ሳምንት ያህል እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ሥራቸው ይመልሱ ነበር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ የሚነበብ ነገር ሲያገኝ ወደ ሌላ ልጅ መሄድ ጀመረ። እሱስ ይሁን፤ እኔ የምፈራው ስልኩ ሲጮህ ነበር፣ ሳይጮህ ሲቀርም ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ ሐዋ ደወለች። ጦይባ ሆስፒታል ተኝታ አግኝታታለች። የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎች ነሐሴ ላይ ለሌላ ቤት አሳልፈዋት ነበር፤ እዚያ በር ይቆለፍባታል፣ ስልኳንም ነጥቀዋታል። በዐረፋ ማግስት የቤቱ ሰዎች ለጥየቃ ሲወጡ በመስኮት ልትወርድ ሞክራ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ሳይኖር፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይታወቅ ከወር በላይ ተኛች። ሐዋ በስሟ ስትጠራት መጀመሪያ ሕልም መስሏት ዓይኗን አልከፈተችም አሉ። መጋቢት ላይ በከዘራ እየተደገፈች አገሯ ገባች።

ጦይባ ዛሬ ገበያው ዳር የልጆች ልብስ ትሸጣለች። አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ብርድ ሲሆን እግሯን ያማታል፤ ማስታገሻውን የምሰጣት እኔ ነኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ መልእክቱ አውርተን አናውቅም። ከአባቷ ሰምታ እንደነበር አውቃለሁ፤ የማታውቀውን ግን እኔም አልነገርኳት።

ያን ማክሰኞ ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ ወደ እሷ ሄድኩ። ሹራብ እያጣጠፈች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ረቡዕ ቀን አውቄው እስከ ሐሙስ ጠዋት ዝም ማለቴን ነገርኳት። ሐዋ ትንሽ ቀድማ ብትነሣ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር፣ ለስሜ ብዬ እንደነበር፣ ሁሉንም።

ጦይባ ማጣጠፏን አላቆመችም። «ስለዚያ ቀን አስቤ አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «የማስበው ስለ እናቴ ነው። እኔ ተቆልፎብኝ ሳለሁ እነሱ በደስታ ሥጋ ይበሉ ነበር ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ በጣም ከፋኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ዐረፋ አላየችም፤ እኔን ስታነሣ ስትጥል ሞተች። አሁን ሳስበው፣ ያን አንድ ቀን ልጄ ተከብራለች ብላ በልታለች።»

ደንበኛ ገባ። ጦይባ ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች፣ የሦስት ዓመት ልጅ ይሆናል ብላ አንድ ሰማያዊ ሹራብ አወረደች፣ ዋጋ ተከራከረች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ያለችውን ቃል በቃል በልቤ ደገምኩት። ይቅር ብላኝ ይሁን፣ ስለ እናቷ ብቻ ማውራቷ ይሁን አላውቅም። ልጠይቃት እችል ነበር። ግን ትርጉም ሳልጨምርበት፣ እንዳለችው ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ።